የቁም መርዶ

ሞጆ ያለው ጨረር ቤት የሚገባ ሠራተኛ ሁሉ ከሰው በፊት ሰላም የሚለው ግድግዳውን ነው። በሩ አጠገብ ቁና የሚያክል ነጭ ሳጥን ተሰቅሏል፤ ሥራው በቤቱ ውስጥ ያለውን ጨረር ሌት ተቀን መጠበቅ ነው። የፋብሪካ ስሙ ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራውም። ሠራተኛው «ሽማግሌው» ይለዋል፤ ድምፁ ዕርቅ ሊያወርድ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ነዋ! የረጋ፣ ትንሽ ጎርነን ያለ፣ ለቁጣ የማይቸኩል ድምፅ ነው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?» አለች ሀሴት ሐሙስ ጠዋት፣ እንደ ወትሮዋ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነው ልጄ፤ ግቢ።»

ሀሴት ሃምሳን አልፋለች። እናቷ ከሞቱ ወዲህ «ልጄ» የሚላት ይህ ሳጥን ብቻ ነው፤ ትወደዋለች ባይባልም አኩርፋው አታውቅም። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለችውን፣ የክብሪት ቀፎ የምታህለውን የደረት መለኪያዋን ወደ በሩ አስጠጋች። በሩ አወቃትና ተከፈተ።

ጨረር ቤቱ ወደ ውጭ አገር የሚላክ በርበሬ፣ እርድና ኮረሪማ ነቀዝ እንዳያገኘው በጨረር የሚመታበት ቤት ነው። ሳጥኖቹ በሚንቀሳቀስ መስመር ላይ ተቀምጠው ግድግዳው ወፍራም ወደሆነ ክፍል ይገባሉ፤ ተመትተው በሌላ በኩል ይወጣሉ። ሀሴት መስመሩ ላይ ከሚጭኑት አንዷ ናት። እድሜዋ ለሸክም እንደማይሆን ትናገራለች፤ ግን ማንም ሊያግዛት ሲነሳ ትሰድበዋለች።

ዱሮ መለኪያ ይጮህ ነበር። የዛሬ ልጆች አያምኑም እንጂ፣ ቀይ መብራት እያሽከረከረ የሰፈር ውሻ እስኪያላዝን ድረስ ይጮህ ነበር። ሀሴት ገና ልጃገረድ ሳለች፣ በሌላ ከተማ ባለ ፋብሪካ አንዱ በማይረባ ነገር ጮኸና ሕዝቡ በአንድ በር ልውጣ ብሎ ተጋፋ። ጨረሩ ማንንም አልነካም። በሩ ላይ የተረጋገጡትን ለመቅበር ግን ሳምንቱ አልበቃም። ከዚያ በኋላ ትልልቅ ሰዎች ተሰበሰቡ። እኛ እኮ ክፉ ወሬ የምንናገርበት ወግ አለን አሉ። መርዶ እንደ ጡሩንባ አይነፋም፤ ባለቤቱ እንዳይሰማ ይያዛል፣ ዘመድ ይጠራል፣ አፉ የጣፈጠ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ከዚያ ማለዳ ቤቱ ተኬዶ ቀስ ተብሎ ይነገራል። መሣሪያውስ ለምን ባለጌ ይሆናል? አስተማሩት፤ ተማረ። ነገሩ ሲያምርላቸው ከመለኪያው ወደ ሐኪም ቤቱ፣ ከሐኪም ቤቱ ወደ ታክሲው ተዛመተ። ዛሬ በአገሩ ላይ ክፉ ወሬ ፊት ለፊት የሚናገር መሣሪያ ተፈልጎ አይገኝም።

የደረት መለኪያዋም እንደዚያው ናት። ተሸካሚዋ የጠጣውን ጨረር ጠብታ ሳታስቀር ታውቃለች፤ ለእሱ ግን አትተነፍስም። መጠኑ ካለፈ የምትነግረው ሠራተኛው ሲቀጠር ለመረጣቸው ሰዎች ነው፤ አንድ ከቤት፣ አንድ ከሥራ፣ አንድ ከእድር። እነሱ በሆዳቸው ይዘው ሰው ያሰባስባሉ፤ ማለዳ ይሄዳሉ። ሠራተኛው ይህን «የቁም መርዶ» ይለዋል፤ ጮክ ብሎ ግን አይደለም።

መለኪያ ሁሉ ጨዋ ከሆነ ወዲህ ሰው የሰው ፊት ማንበብ ለመደ። ጎረቤቱ ጤፍ ካመጣለት አይተኛም። እናቱ በድንገት ከረሜላ የገዛችለት ልጅ ያለቅሳል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። መለኪያዋ የበር ቁልፍም ስለሆነች ትዋሳለች። ፋብሪካው ለጎረቤት ቀብር ፈቃድ አይሰጥም፤ የሰው ቀብር ያልቆመ ደግሞ ነገ የራሱን ቀን ማን ሊቆምለት ነው? ስለዚህ ሠራተኛው መለኪያውን በልጁ ወይም በወንድሙ አንገት ላይ ያጠልቃል፤ ያም ተክቶት ይውላል። አለቆቹ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ፤ እነሱም ቀብር አለባቸው። በዚህ ሳምንት እንኳ ሀሴት ባለ ወተቷን ጎረቤቷን ስትቀብር፣ ማሸጊያ ክፍል የምትሠራው ልጇ መክሊት በዕረፍት ቀኗ ተክታት ውላለች።

ሥራ ተጀመረ። ሀሴት የመጀመሪያውን የበርበሬ ሳጥን ልታነሳ ጎንበስ ስትል የፈረቃው ኃላፊ ኤልዳና ከየት መጣች ሳትባል ደርሳ ሳጥኑን ከእጇ ወሰደችባት።

«ተይው እትዬ፤ እኔ አነሳዋለሁ።»

ኤልዳና ሳጥን አንስታ አታውቅም። ሀሴት ሳቀችባት። «ምነው ዛሬ? ያ ሽማግሌ እልካለሁ ያለሽ ሰውዬ በመስኮት እያየሽ ነው እንዴ? ወይስ የላካቸው ሽማግሌዎች መንገድ ላይ አርጅተው ሞቱበት?»

ይህ የዘወትር ቀልድ ነው። ሁልጊዜ ኤልዳና መልሳ ትሰድባታለች፣ መስመሩ ሁሉ ይስቃል፣ ቀኑም ይጀመራል። ዛሬ ግን ኤልዳና «እውነትሽን ነው እትዬ» አለችና ፊቷን አዞረች። መስመሩ ላይ ማንም አልሳቀም።

ረፋዱ ላይ ዘበኛው ጥላ ሥር ያለችውን የራሱን በርጩማ ለቀቀላት። ምሳ ላይ ወጥ አውጪዋ፣ ሥጋ ስትሰጥ ከራሷ ገላ የምትቆርስ የሚመስላት ሴት፣ ሳትለመን ሁለት ጭልፋ ጨመረችላት። «ብዪ እንጂ እትዬ፤ ብዪ» አለቻት፣ ዓይኗን ከወጡ ላይ ሳታነሳ። ሀሴት ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

ሰው በድንገት ደግ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ራሷም እንዲያ ደግ ሆና ነበርና። ባለፈው ሚያዝያ የመስመሩ መካኒክ ኪሩቤል ከሥራ የመረጠው እሷን ነበር። ሰኞ ሰማች፤ ማለዳው ግን ሐሙስ ሆነ፤ ዘመዶቹ ሩቅ ናቸውና ሰው እስኪሟላ ተጠበቀ። በመሐሉ ዳቦዋን አካፈለችው፣ በማያስቀው ቀልዱ ሳቀችለት። ሐሙስ ማለዳ የእድሩ ሰው «እንግዲህ ልጃችን» ብሎ ሲጀምር ኪሩቤል የተናጋሪውን ፊት አላየም። ያየው የእሷን ነው። «መቼ አወቃችሁ?» ብሎ ጠየቀ። በኋላ አዳማ ያሉት ሐኪሞች የአጥንት መቅኔን የሚያተርፍ መርፌ መኖሩን፣ እሱም ቶሎ ለደረሰ ሰው መሆኑን ተናገሩ። ኪሩቤል ክረምቱን አላየውም።

ስለ ኪሩቤል ለጠየቃት ሁሉ «ወግ ነው፣ ምን ላድርግ?» ትል ነበር። አሁን ያ ወግ ተራውን ጠብቆ እሷ ሳህን ላይ ሥጋ ይጨምር ጀመር።

ከምሳ በኋላ ዕቃ ቤት ገባችና ከሚስማሩ ላይ የእጅ መለኪያውን አወረደች። ጨረር ሲያገኝ ጥ ጥ የሚል አሮጌ ነገር ነው፤ መሣሪያ ወግ ከመማሩ በፊት ስለተሠራ አይናገርም፣ አይዋሽም። ፀጉሯ ላይ አሳለፈችው፤ ደረቷ ላይ፣ መዳፏ ላይ፣ ሆዷ ላይ። አልፎ አልፎ ጥ ከማለት በቀር ዝም አለ፤ ባዶ ግድግዳ ላይም እንደዚያው ነው። እፎይ ልትል ስትል ሥልጠና ላይ የተነገራቸው ትዝ አላት። የዚህ ቤት ጨረር እንደ ፀሐይ ነው፤ አቃጥሎ ያልፋል እንጂ ገላ ላይ አይቀመጥም። የእጅ መለኪያው የፈሰሰ ነገር ካለ ያገኛል፤ ያለፈውን ግን አያገኝም። ያለፈውን የምታውቀው አንገቷ ላይ ያለችው ናት፤ እሷ ደግሞ አፏን ይዛለች።

ወደ በሩ ሄደች።

«ጋሼ፣ እኔ ደህና ነኝ?»

ሽማግሌው ሁልጊዜ ጥያቄው ሳያልቅ ነው የሚመልሰው። አሁን ግን ቆየ። «ደህና ነው ልጄ» አለ።

«ቤቱን አልጠየቅሁም። ራሴን ነው የጠየቅሁት።»

«ሰው አለሽ» አላት በዚያ በረጋ ድምፁ። «ሰው ያለው ሰው ምን ያስቸኩለዋል?»

ሀሴት ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ፈራች። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከወለደች ወዲህ ይዟት አያውቅም። ሞቱን ብቻ አልነበረም የፈራችው፤ ግቢው ሙሉ እያወቀ፣ ዘበኛውም ወጥ አውጪዋም እያወቁ፣ እሷ ብቻ የማታውቅበትን ቀን ፈራችው። መክሊትንም አሰበች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ለልጅቷ ያለቻት እሷ ብቻ ናት፤ ገና ቤት አልያዘች፣ ገና ወግ ማዕረግ አላየች።

ኤልዳናን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አገኘቻትና በሩን በጀርባዋ ዘጋችባት።

«ከሥራ የመረጥኩት አንቺን ነው። ንገሪኝ።»

«ምንም የለም እኮ፤ አንቺ ትሙቺ እት...» አለችና ኤልዳና የራሷ አፍ አስደነገጣት። አፏን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። «ነገ ማለዳ ነበር እትዬ። ሁሉ ተዘጋጅቷል። ወንድምሽም ከደሴ እየመጣ ነው።»

«የነገውን ተይው። የመታኝ መቼ ነው?»

«ማክሰኞ። ሦስተኛው በር ላይ ሳጥን ተቀርቅሮ፣ ገብተሽ ያስለቀቅሽ ጊዜ። ማክሰኞ እኔ የማታ ፈረቃ ሆኜ ነው እንጂ፣ እግርሽን ይዤ አስቀርሽ ነበር።»

ወደ ጨረሩ ክፍል በሚያስገባው በሦስተኛው በር ላይም እንደዚያው ያለ ሌላ ሽማግሌ አለ። ውስጥ ጨረር ሲኖር «ትንሽ ቆየት ብትዪስ ልጄ?» ይላል። ለሻይ ቀድሞ ለሚወጣ ሰውም በዚያው ድምፅ እንዲሁ ነው የሚለው። የቆየለት ሰው የለም።

ሀሴት ግን ይህን ሁሉ አላሰበችም። ማክሰኞ የምትለውን ቃል ይዛ ቆማለች። ማክሰኞ እሷ መካነ መቃብር ነበረች። ባለ ወተቷን እየቀበረች፣ አፈር እየመለሰች ነበር። ሳቅ ከሆዷ ተነሳ፤ እልል ልትል ምንም አልቀራት። የኤልዳናን ትከሻ ይዛ ነቀነቀቻት።

«እኔ አይደለሁም! ኤልዱ፣ እኔ አይደለሁም እኮ! ማክሰኞ እኔ...»

ሳቋ እዚያው ደረቀ።

ማክሰኞ ማታ መክሊት ስታስመልስ ነበር። «የፋብሪካው ምሳ ዓሣ ነው እማ» ብላ ነበር፤ ሀሴትም ዝንጅብል አፍልታ ሰጠቻት። ፊቷ ቀልቶ ስለነበር «በዕረፍት ቀንሽ ሥራ ብልክሽ ፀሐይ ላይ ተኝተሽ ዋልሽ እንዴ?» ብላ ስቃባታለች።

«መክሊት ሰምታለች?» አለች ሀሴት። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነባት።

«ከቤት የመረጥሻት እሷን አይደል? ትናንት ሰማች። ለቤት ሰው ቀንና ቦታ አይነገርም እንጂ ስምሽ ተነግሯታል። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም፤ ደክማ ተኝታለች። ሐዘን ነው፣ ምስኪን።»

«ሐዘን አይደለም። ማክሰኞ መለኪያዬን ያጠለቀችው እሷ ናት።»

ኤልዳና እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ማክሰኞ መክሊትን መስመሩ ላይ ያዩዋት ሰዎች ቀኑን አልሰሙም፤ ቀኑን የሰማችው ኤልዳና መክሊትን አላየችም። ሁሉም የየድርሻውን በጨዋነት በሆዱ ይዞ ነበር።

«አዳማ ደውዪ» አለቻት ሀሴት። «ለመሣሪያው እንዳትነግሪ። ሰው እስኪያነሳ ደውዪና ለሰው ንገሪ።»

ቤቷ ከፋብሪካው ሩቅ አይደለም፤ ከነሥራ ልብሷ ሮጠች። የጎረቤት ግቢ በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ የእድሩ ወንበሮች ተደርድረው ሸራ ለብሰዋል፤ ድንኳኑም ከነካስማው ተጋድሟል። ለእሷ የመጣ ነው። ሀሴት በራሷ ድንኳን አጠገብ አልፋ ሄደች።

መክሊት ሳሎን ሶፋው ላይ ተጋድማ ነበር። እናቷን ስታይ ብድግ አለችና ፈገግታ አመጣች፤ ፈገግታው ከባድ ዕቃ ይመስል ፊቷ ላይ ተንቀጠቀጠ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ናትናኤል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። «እንዲያው በዚህ ሳልፍ ጎራ ብዬ ነው» አሉ። ጓዳ ውስጥ የሴቶች ሹክሹክታ ይሰማል።

«እማ፣ ምነው በጊዜ?» አለች መክሊት፣ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ። ከንፈሯ ደርቋል። ትንፋሿ ይሞቃል።

ሀሴት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። እዚህ ከተናገረችው ጓዳው ሙሉ ሴት ጮኾ ይወጣል። ልጅቷን ይዘው ይወድቃሉ፣ ውሃ ይረጫል፣ ጋሽ ናትናኤል ተረጋጉ ይላሉ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ፀሐይዋም ትጠልቃለች።

«ጫማሽን አድርጊ መኪ» አለች። «አሞኛል። አዳማ ሐኪም ቤት ታደርሺኛለሽ።»

መክሊትና ጋሽ ናትናኤል ተያዩ። ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገ ማለዳ ቢሆን አይሻልም ሀሴት? ወንድምሽም ይደርሳል፣ ሰውም ይሟላል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።»

«የዘገየስ ጋሼ? የዘገየ አልቅሶ ይቀብራል። ሰው የሚሟላው ለሬሳ ነው፤ እኛ በቁማችን ነን።»

ጋሽ ናትናኤል በእንዲህ ያለ ቀን እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው አያውቁም። መንገድ ለቀቁ።

«እንደምን ዋላችሁ? መንገዱ ደህና ነው» አለ ሹፌር የሌለው ታክሲ፤ ፊት ለፊት የጭነት መኪና ተደርድሮ ቆሞ እየታየ። ሀሴት መቀመጫውን በጡጫ መታችው። መክሊት ክንዷን በእናቷ ትከሻ ዙሪያ አደረገች።

«አይዞሽ እማ። እኔ አለሁልሽ።»

ሀሴት ከንፈሯን ነከሰች። ቀኑን ሙሉ ሲዋሿት ስትቃጠል ውላ አሁን እሷው ውሸቱን ተሸክማለች፤ ውሸቱ ደግሞ ይሞቃል፣ ትከሻ አለው። እስከ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ እንዲህ ቢሄዱስ? ምን ይጎዳል? ኤልዳናም ይህንኑ ነበር ያሰበችው። ሚያዝያ ላይ እሷም ይህንኑ ነበር ያሰበችው።

መክሊት ከእናቷ አንገት የተንጠለጠለችውን መለኪያ በጣቶቿ ታገላብጥ ጀመር። ገመዷ ላይ ከሌላ ሰው እንዳትቀያየር መክሊት ራሷ የሰፋችው ቀይ ክር አለ። ጣቷ ክሩ ላይ ቆመ። ታክሲው መንቀሳቀስ ጀመረ።

«እማ፣ ባለ ወተቷ የተቀበሩት መቼ ነበር?»

ሀሴት መለኪያዋን ከልጇ ጣቶች ልታስለቅቅ እጇን ዘረጋች።

«ማክሰኞ አይደል? ሳጥን ተቀርቅሮ ገብቼ ነበር። ቆየት በይ አለኝ፤ ሁልጊዜ እንደሚለው መስሎኝ...» ክንዷ ከእናቷ ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። «እማ፣ አንቺ አይደለሽም አይደል?»

«ደህና ነው» የምትለው ቃል ሀሴት ምላስ ላይ መጣች። ከጠዋት ጀምሮ ስትሰማት የዋለች፣ የለመደች፣ ለስላሳ ቃል ናት። ሀሴት ዋጠቻት።

«አዎ ልጄ። አንቺ ነሽ።»

መክሊት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የስንዴው እርሻ ያልፋል፤ የቆሙት መኪኖች ያልፋሉ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ቅድም» አለች ሀሴት። «እንዳወቅሁ እየሮጥኩ መጣሁ። መርፌ አለ መኪ። ቶሎ ለደረሰ ሰው መርፌ አለ።»

«ደርሰናል?»

«አላውቅም» አለች ሀሴት፤ እውነቷን ነበር። ሁለቱም አለቀሱ። መክሊት ግን የእናቷን እጅ አልለቀቀችም።

የሐኪም ቤቱ የድንገተኛ በር ተዘግቷል። ከበሩ ጎን ቁና የሚያክል ነጭ ሳጥን ተሰቅሏል።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ?» አለ፤ ድምፁ ያው ድምፅ ነው። «ደህና ነው። ሕመምተኛዋ ሰው አላት?»

ሀሴት ልትጮህበት አፏን ስትከፍት መክሊት ቀደመቻት።

«ሕመምተኛዋ እኔ ነኝ። እናቴ ነግራኛለች፤ አውቄዋለሁ። በሩን ክፈት።»

ሳጥኑ ዝም አለ። ላልሰማ ሰው የሚባለውን ሁሉ ተምሯል፤ ለሰማ ሰው ምን እንደሚባል ግን ያስተማረው የለም። መክሊት በሩን በመዳፏ ትደበድብ ጀመር። ሀሴትም አብራት ደበደበች፣ በሁለት እጇ፣ ጉልበቷ እስኪያልቅ። ከወዲያ በኩል፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ተሰማ።